እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የቀኑ ሙቀት እስኪበርድ ስጠብቅ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ላይ ስልኬ መጮኽ ጀመረ። መልእክቶቹ የመጡት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነበር። «ወንድሜ፣ ልጆቹ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው እየጠበቁ ነው፤ መምህርቷ ግን አልገቡም» ይላል የመጀመሪያው። ወዲያው ሌላ እናት ያንኑ ጻፉ። አንድ አባት ደግሞ ቃል ሳይጨምሩ የራሳችን ፕሮግራም የላከላቸውን ማስታወሻ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ፦ «የአማርኛ ትምህርት፣ ዛሬ 11፡00»። ከፎቶው ጥግ ላይ የስልካቸው ሰዓት 11፡04 ይላል። ገንደ ቆሬ ወደሚኖሩት መምህርት ደወልኩ። «ትምህርቱ እንደ ወትሮው 1 ሰዓት ላይ አይደለም እንዴ? ገና አንድ ሰዓት ሊቀረው ነው» አሉኝ። ሁለቱም ወገን ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትኩት ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ስምምነት እናድርግ። በዚህ ጽሑፍ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብዬ በቃል የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 19፡00 ብዬ በነጥብ የለየሁት ደግሞ በፈረንጅ ነው። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ የቀጠሮ ግማሽ ስለሆነ፣ ይህን ሳልለይ ስለ ሰዓት መጻፍ የምችል አይመስለኝም።

ፕሮግራሙ በውጭ ሀገር ተወልደው ያደጉ ልጆች ድሬዳዋ ካሉ መምህራን ጋር በቪዲዮ አማርኛ እንዲማሩ ቀጠሮ የሚይዝ ነው። የእሑዱ ክፍል ከቨርጂኒያና ከፍራንክፈርት የሚገቡ ልጆችን በአንድ ላይ ይይዛል። በኅዳር ወር ሲጀመር ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ማለትም በድሬዳዋ 19፡00፣ በፍራንክፈርት 17፡00፣ በቨርጂኒያ 11፡00 ላይ እንዲሆን ሁሉም ተስማሙ። እኔም ለዓመታት የሰማሁትን ምክር ተከትዬ ሰዓቱን ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ቀየርኩና «ዘወትር እሑድ 16፡00» ብዬ ዳታቤዙ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም ጎን ደግሞ ከዩቲሲ የሚለዩበትን ቁጥር ጻፍኩ፤ ለቨርጂኒያ −5፣ ለፍራንክፈርት +1፣ ለድሬዳዋ +3። ማስታወሻ የሚልከው ክፍል 16 ላይ እነዚህን ቁጥሮች እየደመረና እየቀነሰ ለሁሉም በየሰዓታቸው ይጽፋል። ሥራው እጅግ ንጹሕ መስሎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሌሊት 2፡00 ላይ ሰዓቷን ወደ 3፡00 ታዘልላለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ትመልሳለች። የዚያን ሌሊት የቨርጂኒያ −5 ወደ −4 ተለውጦ ነበር፤ የእኔ ዳታቤዝ ግን በኅዳር የጻፍኩለትን −5 ይዞ ተኝቷል። ስለዚህ ማስታወሻው «11፡00» እያለ ወላጆችን ጠራ፤ ትምህርቱ ግን በእነርሱ 12፡00 ላይ ነበር። የብርሃን ቁጠባ ሰዓት የሚሉት ይህ ነው። አንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች «የበጋ ሰዓት» ብለው ሲተረጉሙት አያለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። የእነርሱ ሰዓት ወደፊት የሚሄደው እኛ ክረምት በምንለው ወቅት ጭምር ነው፤ የእኛ በጋ ደግሞ አብዛኛው የሚውለው እነርሱ ሰዓታቸውን በመለሱበት ጊዜ ነው። በዚህ ስም ላይ ተመሥርቶ ኮድ የጻፈ ሰው አምላክ ይርዳው።

ለእኛ ለኢትዮጵያ ፕሮግራመሮች ይህ ስሕተት የሚቀናን ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ፍራንክፈርት ላይ ግን ስምንት ሰዓት ያህል ይደርሳል። ብርሃን የሚቆጥብበት ምክንያት በሌለበት አገር ያደገ ሰው +3 እንደ ከፍታና እንደ ወንዝ የማይነቃነቅ የአገሩ ጠባይ ይመስለዋል። ጎረቤቶቻችንም አላስተማሩንም፤ ነጋዴዎቻችን የሚደውሉላቸው ጅቡቲና ጅዳም ዓመቱን ሙሉ +3 ላይ ናቸው።

የዚያን ምሽት ያደረግሁትን ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ። ዳታቤዙን ከፍቼ −5 የሚሉትን ሁሉ በእጄ −4 አደረግኋቸውና እፎይ አልኩ። ልክ በሦስተኛው ሳምንት፣ መጋቢት 22 ቀን፣ እንደ ባለፈው ሁሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ከፍራንክፈርት ተደወለ። አውሮፓ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች የመጨረሻ እሑድ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ቨርጂኒያና ፍራንክፈርት በስድስት ሰዓት ሳይሆን በአምስት ሰዓት ነው የሚራራቁት፤ በመከር ደግሞ አውሮፓ ቀድማ ስለምትመለስ ለአንድ ሳምንት እንዲሁ ይሆናል። የአንድ ክፍል ልጆች በሁለት አህጉር ሲሆኑ በዓመት አራት ጊዜ ነገር ይለዋወጣል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጥፋት ማረም ቀላል ነው፤ በቁጥሩ ፈንታ የሰዓት ሰቁን፣ ማለትም አንድ ዓይነት የሰዓት ሕግ የሚከተለውን አካባቢ፣ ስም መያዝ ይበቃል። ለቨርጂኒያ «አሜሪካ/ኒው ዮርክ»፣ ለፍራንክፈርት «አውሮፓ/በርሊን»፣ ለእኛ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚሉት ስሞች ከጀርባቸው ሙሉ ታሪክና ሕግ አላቸው፦ መቼ ወደፊት ሄደ፣ መቼ ተመለሰ፣ ሕጉ መቼ ተለወጠ። ይህን መዝገብ አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ ሰው ጀመረው፤ ከእርሱ በኋላ ፖል ኤገርት ያስተባብረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የኢንተርኔት አድራሻዎችንና ቁጥሮችን በሚመዘግበው በአይ ኤ ኤን ኤ ሥር ይታተማል። የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎቹ ፓይተን (ከ3.9 እትም ጀምሮ) እና ጃቫም፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝም፣ በኪሳችን ያለው ስልክም ከዚሁ ምንጭ ይጠጣሉ። ድሬዳዋ በስሟ የተመዘገበ የራሷ ቦታ የላትም፤ አዲስ አበባም ብትሆን ዛሬ በመዝገቡ ውስጥ ወደ ናይሮቢ የምትጠቁም ስም ብቻ ናት፤ መዝገቡ ሰዓታቸው እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ አንድ የሆነ ቦታዎችን ያዋሕዳልና። ፀሐይ እኛ ዘንድ ከአዲስ አበባ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ መውጣቷ ለማንም ሰርቨር አይታወቀውም።

ቁጥሩ ስሙን የማይተካበትን ምክንያት ለማየት በሐምሌ ወር +3 የሚል መዝገብ ብታገኙ ብላችሁ አስቡ። ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል፤ ሪያድ፣ ኢስታንቡልና ሞስኮም እንዲሁ። ግን አቴንስም፣ ሄልሲንኪም፣ ካይሮም በዚያ ወር +3 ላይ ናቸው፤ በታኅሣሥ ግን አይደሉም። ቁጥሩ ያን ዕለት ሰዓቱ ስንት እንደነበረ ይነግራችኋል እንጂ ሰውዬው የት እንዳለ አይናገርም። ፖስትግሬስ ላይ «ከሰዓት ሰቅ ጋር» የተባለው የጊዜ ዓይነት ራሱ፣ ስሙ እንደሚያታልለው፣ የሰዓት ሰቁን አያስቀምጥም፤ የገባለትን ወደ ዩቲሲ ቀይሮ ይይዝና መነሻውን ይረሳዋል። እኔም ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን በኮድ የሚፈታ አልነበረም። ስሞቹን ካስገባሁ በኋላ ማስታወሻዎቹ ትክክል ይሆናሉ፤ ይሁን እንጂ ሰዓት ሲቀየር የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? ትምህርቱ በድሬዳዋ 19፡00 ላይ ከጸና የቨርጂኒያ ልጆች ከዓመቱ ከፊሉን 11፡00፣ ከፊሉን 12፡00 ይገባሉ። በቨርጂኒያ 11፡00 ላይ ከጸና ደግሞ መምህርቷ ከመጋቢት ጀምሮ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ማስተማር ሊጀምሩ ነው፤ የፍራንክፈርት ልጆችም ለሦስት ሳምንት 16፡00፣ ከዚያ እንደገና 17፡00 ይሆንባቸዋል። «ዘወትር እሑድ 16፡00 ዩቲሲ» ብዬ ስጽፍ ይህን ጥያቄ ማንንም ሳልጠይቅ መልሼው ነበር። ዩቲሲ የማንም ሰው የግድግዳ ሰዓት አይደለም፤ ቀጠሮ ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ ሰው የግድግዳ ሰዓት ነው።

መምህርቷን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጊዜው ረመዳን ነበር። በመጋቢት ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 አለፍ ሲል ነው። «በመግሪብ ሰዓት ልጆች ፊት ልቀመጥ አልችልም፤ 1 ሰዓት ከሆነ ግን አፍጥሬ፣ ሰግጄ እደርሳለሁ» አሉኝ። ለቨርጂኒያ ቤተሰቦች ይህንኑ ሳስረዳ አብዛኞቹ እንዲያውም ደስ አላቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው 11፡00 ላይ ልጅን ኮምፒዩተር ፊት ማስቀመጥ ሲያስጨንቃቸው ኖሯል። የእሑዱ ክፍል የድሬዳዋ ሰዓት ሆኖ ቀረ። የረቡዕ ምሽቱ ክፍል ግን ከሥራ የሚወጡ የፍራንክፈርት አዋቂዎች ስለሆኑበት 19፡00 በእነርሱ ሰዓት ላይ ጸና፤ ለእኛ መምህር አንዳንዴ ከምሽቱ 3፣ አንዳንዴ 2 ሰዓት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የቀጠሮው ሰንጠረዥ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ዕለትና የግድግዳ ሰዓት፣ የሰዓት ሰቅ ስም፣ እንዲሁም ከእነዚህ ተሰልቶ የወጣ ዩቲሲ። ሦስተኛው ለፍለጋ እንዲፈጥን ብቻ የተቀመጠ ስለሆነ የሰዓት ሰቁ መዝገብ በታደሰ ቁጥር እንደገና ይሰላል። «ሁሉን በዩቲሲ አስቀምጥ» የሚለውን ምክር አልጣልኩትም፤ ላለፈ ነገር አሁንም ወርቅ ነው። ተማሪው ስንት ሰዓት ገባ፣ ክፍያው መቼ ተላለፈ፣ ሰርቨሩ መቼ ወደቀ፤ እነዚህ አንዴ ሆነው ያለፉ ናቸውና በዩቲሲ ይቀመጡ። ገና ያልመጣውን ግን መንግሥታት ይለውጡታል። ግብፅ ለዓመታት ትታው የነበረውን የብርሃን ቁጠባ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2023 መለሰችው። በዚያው ዓመት ሊባኖስ ውስጥ መንግሥት በማርች መጨረሻ ሊደረግ የነበረውን ለውጥ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ረመዳን እስኪያልቅ አዘገየሁት አለ፤ ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ የዜና ማሰራጫዎች አንቀበልም ብለው ቀየሩ፤ አንዲት አገር ለቀናት በሁለት ሰዓት ዋለችና ውሳኔው ተሻረ። ከወራት በፊት ለቤይሩት ቀጠሮ ይዞ ወደ ዩቲሲ ቀይሮ የዘጋ ፕሮግራም ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም።

እስካሁን የተናገርኩት የውጭውን ነው፤ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጭነት ድርጅት ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም እንድጠግንለት ጠርቶኝ ነበር። ደረሰኙ ላይ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታተማል፤ ከጥቅምት 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ መሮጥ ጀመረ። ሂሳብ ሠራተኛዋ «ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ 3 ሰዓት ይላል፤ ሾፌሮቹ እየሳቁብኝ ነው» ብላ ማሽኑን አሳየችኝ። ሰዓቱ ልክ ነው፣ ሰርቨሩ ልክ ነው፣ ስልኩ ልክ ነው። ኮዱን መስመር በመስመር ሳነብ የሰዓት ሰቁ «አሜሪካ/ሳኦ ፓውሎ» ተብሎ አገኘሁት። ጸሐፊው +3 ላይ 6 ሲቀነስ −3 እንደሚሆን አስልቶ፣ −3 ያለውን የመጀመሪያ ስም ከዝርዝሩ መርጦ ነበር። የዚያን እሑድ ብራዚል ሰዓቷን ወደፊት አንቀሳቅሳ −2 ላይ ገባች፤ የድሬዳዋው ደረሰኝም አብሯት ሄደ። ብራዚል ራሷ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ልማድ ተወችው፤ እኔ ግን እስከዚያ ድረስ አልጠበቅሁም።

ኮዱን ስመረምር ሌላም አገኘሁ። ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚወጡ መኪኖች ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ስለሚጫኑ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት የታተመው ደረሰኝ ሁሉ የትናንትን ቀን ይዞ ነበር። ማክሰኞ 3፡00 ላይ ስድስት ሰዓት ስትቀንሱ ሰኞ 21፡00 ትገባላችሁና። የእኛ አቆጣጠር የሰዓት ሰቅ አይደለም፤ ያንኑ ቅጽበት የምንጠራበት ሌላ ስም ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሁሉ በ«አፍሪካ/አዲስ አበባ» ይሠራና መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሊያየው ሲል ብቻ፣ የሰዓቱ ቁጥር ላይ 6 ተደምሮ ለ12 ተካፍሎ ቀሪው ይወሰዳል፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ይባላል። ቀኑ አይነካም። ከባዱ ቁጥሩ አይደለም፤ አጠገቡ የሚጻፈው ቃል ነው። 5፡00 «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ነው ወይስ «ከንጋቱ 11 ሰዓት»? እኔ ሌሊት ብዬ ጻፍኩት፤ እናቴ እስከ ዛሬ አልተስማማችም። «ሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» የሚለው ማስታወሻ ደግሞ ለግማሹ ሰው የሰኞ መግቢያ፣ ለግማሹ የሰኞ መውጫ ነው። አማርኛ ለዚህ «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚል የተዋጣለት አባባል ስላለው የደረሰኙንም የማስታወሻውንም ጽሑፍ በዚያ ተካሁት፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር የጠየቀኝ የለም።

ስለ ልደት ቀን አንድ ነገር ልጨምር። የትምህርት ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ልጅ መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ተወለደች ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ ደግሞ ቀኑን እንደ ቅጽበት፣ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጌ አስቀመጥኩት። ቨርጂኒያ ያለው የእናቷ ስልክ አራት ሰዓት ቀንሶ የዋዜማውን ምሽት አገኘ፤ ወደ ኢትዮጵያ ካላንደር ሲቀየር ጳጉሜን 5 ቀን 2009 ሆነ። «ልጄን በአንድ ሌሊት አንድ ዓመት አስረጃችኋት» አሉኝ እናትየዋ፤ የዕድሜ ምድቡ በዓመተ ምሕረት ስለነበረ ልጅቷ በእርግጥም ከትልልቆቹ ጋር ተመድባ ነበር። ልደት ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓትም የሰዓት ሰቅም የለውም፤ ቀን ተብሎ ይቀመጥ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ስክሪናችሁ ላይ «ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» የሚል ነገር ካያችሁ የማንም ልደት አይደለም፤ ኮምፒዩተር ጊዜን መቁጠር የሚጀምርበት የእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 መባቻ ነው፤ የሆነ ቦታ ዜሮ ገብቷል ማለት ነው።

ሰዓት በሚቀየርበት ሌሊት የሌለ ሰዓትና ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሰዓት እንዳለ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። የሌሊት ሥራችሁን ፍራንክፈርት ባለ ሰርቨር ላይ በአገሩ ሰዓት 2፡30 ላይ አታስቀምጡት፤ ሰርቨሩን ራሱን ዩቲሲ ላይ አድርጉት። ማስታወሻ ስትልኩ ደግሞ «ከአንድ ቀን በፊት» እና «ከ24 ሰዓት በፊት» አንድ አለመሆናቸውን አስቡ፤ በዚያ በመጋቢት 1 እሑድ ቨርጂኒያ ላይ ቀኑ 23 ሰዓት ነበር።

አዲሱ ኮድ የመጀመሪያ ፈተናው የደረሰው ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አውሮፓ ሰዓቷን የምትመልስበት እሑድ ነበር። ቅዳሜ ማታ ለፍራንክፈርት ቤተሰቦች «ሰዓታችሁ ስለሚቀየር ነገ ትምህርቱ በእናንተ 17፡00 ይሆናል» የሚል ማስታወሻ ሄደ፤ ለቨርጂኒያ እንደ ሰነበተው 12፡00 ተጻፈ። እሑድ በረንዳዬ ላይ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ3 ሲሆን ጮኸ፤ ከፍራንክፈርት ነው፦ «መምህርቷ አልገቡም»። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰንጠረዡን ከፈትኩ፤ የተሰላውን ዩቲሲ አየሁ፤ የመዝገቡን እትም አየሁ፤ የተላከውን ማስታወሻ አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ምን እንደምጽፍላቸው ሳስብ ሁለተኛ መልእክት መጣ፦ «ይቅርታ ወንድሜ፣ የማየው የወጥ ቤቱን ግድግዳ ሰዓት ነው፤ ለካስ ማንም አልመለሰውም»።